ሻይ ቅጠል ውስጥ ምን አለ?

ሻይ ቅጠልን የሚመረምር የዕፅዋት ባዮኬሚስት ሁለት ጥያቄዎች ይጠብቁታል፤ ቅጠሉ ውስጥ ምን አለ? ያለውስ ምን ይጠቅማል? ገበያውም ጋዜጣውም የሚቸኩለው ወደ ሁለተኛው ነው። የዘርፉን ታሪክ መለስ ብሎ ላየ ሰው ግን ጸንቶ የቆየው ዕውቀት በአመዛኙ የተገኘው ከመጀመሪያው ጥያቄ ንቅንቅ ካላሉት ነው። ቀዳሚው ማስረጃ ካፌይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1827 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ከሻይ ተለይቶ የወጣው ንጥረ ነገር ሌላ መስሎ «ቴይን» ተባለ፤ በ1838 ከቡናው ካፌይን ጋር አንድ መሆኑ ታወቀ። ሻይና ቡና የሚያነቁት በተለያየ ነገር ነው የሚለው ግምት የፈረሰው የመድኃኒትነታቸው ወሬ ስለተጣራ ሳይሆን፣ ሁለቱን አንጥሮ ያነጻጸረ ኬሚስት ስለተገኘ ነው።

ይህን አካሄድ በአንድ ሰው የሥራ ዘመን ውስጥ ለማየት ከጃፓናዊቷ ሚቺዮ ጹጂሙራ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። በ1888 በሳይታማ የተወለዱት ጹጂሙራ ከቶኪዮ የሴቶች ከፍተኛ መምህራን ትምህርት ቤት ተመርቀው ለዓመታት አስተማሩ። በ1920 ወደ ሆካይዶ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ ተቋሙ ሴት ተማሪ አይቀበልም ነበርና፣ ያለ ደመወዝ በቤተ ሙከራ ረዳትነት ገብተው የሐር ትልን አመጋገብ ማጥናት ያዙ። ቀጥሎ የተዛወሩበትን የቶኪዮ ቤተ ሙከራ ደግሞ የ1923ቱ የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥ አወደመው። ከዚያ ወደ ሪከን የምርምር ተቋም ገቡ፤ ኃላፊያቸውም ዛሬ ቫይታሚን ቢ1 የምንለውን በ1910 ከሩዝ ፉርሽካ በማውጣት የሚታወቁት ኡሜታሮ ሱዙኪ ነበሩ። በ1924 ከባልደረባቸው ከሴይታሮ ሚዩራ ጋር አረንጓዴ ሻይ ቫይታሚን ሲ እንዳለው አሳዩ፤ የቫይታሚኑ ኬሚካዊ ማንነት የታወቀው ገና በ1930ዎቹ መጀመሪያ መሆኑን ማስታወስ ያሻል። ግኝቱ አረንጓዴ ሻይ ወደ ሰሜን አሜሪካ በብዛት እንዲላክ አገዘ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ዝና ይረካ ነበር። ጹጂሙራ ግን ወደ ቅጠሉ ተመለሱ። በ1929 መራራውን ካቴኪን፣ በ1930 ታኒንን ለይተው አወጡ፤ በ1932 በአረንጓዴ ሻይ ኬሚካዊ ይዘት ላይ በጻፉት ጥናት በጃፓን በግብርና ሳይንስ ዶክትሬት ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በ1934 ጋሎካቴኪንን ጨመሩበት።

ካቴኪን ቀድሞም የታወቀ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ስሙ ራሱ የመጣው ካቴቹ ከሚባለው፣ በእስያ ከአንድ የግራር ዝርያ እንጨት ተቀቅሎ ከሚወጣው ጭማቂ ነው። ነገር ግን ካቴኪን በሻይ ውስጥ መኖሩ መታወቁ የቅጠሉን ጠባይ ለማስረዳት በር ከፈተ። ጃፓኖች የተቀጠፈውን ቅጠል ወዲያው በእንፋሎት ስለሚመቱት ካቴኪኑን የሚለውጠው ኢንዛይም ይሞታል፤ ካቴኪኑም ይተርፋል። ጥቁር ሻይ ላይ ቅጠሉ ይጠወልግና ይታሻል፤ የሕዋሱ ግድግዳ ሲፈርስ ኢንዛይሙና ካቴኪኑ ይገናኛሉ፣ ኦክሲጅን ይገባል፣ ብርቱካናማዎቹ ቴአፍላቪኖችና ቀያዮቹ ቴአሩቢጂኖች ይፈጠራሉ። ብርጭቋችን ውስጥ የምናየው ቅላት ይኸው ነው። በሙያው ቋንቋ ማብላላት ቢባልም እርሾ የለበትም፤ ሥራው የቅጠሉ የራሱ ነው። በ1949 ደግሞ ያጂሮ ሳካቶ ጊዮኩሮ ከተባለው ሻይ፣ ለሻዩ ለስላሳ ጣዕሙን የሚሰጠውን ቴአኒን የተባለ አሚኖ አሲድ ለዩ። ተክሉ ቴአኒንን በሥሩ ሠርቶ ወደ ቅጠል ይልካል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ካቴኪን ወደ መሥራት ያዘነብላል። የጃፓን ገበሬዎች ማሳውን ጥላ የሚያለብሱት ለዚህ ነበር፣ ምክንያቱን በኬሚስትሪ ቋንቋ ባያውቁትም። ንጥረ ነገርን ነጣጥሎ ማየት የሻዩን ምሉዕነት ያጠፋል ለሚሉ መልሱ እዚህ ላይ ይገኛል፤ ነጣጥሎ ማየቱ የገበሬውን ዕውቀት አልሻረም፤ አስረዳለት እንጂ።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ሰው የሚፈልገው ጤና እንጂ የሞለኪውል ስም አይደለም። ፍላጎቱ ተገቢ ነው። ችግሩ ጥቅም በሞለኪውሉ ላይ ብቻ የተጻፈ አለመሆኑ ነው። ከምግብ ጋር የተጠጣ ሻይ ፖሊፊኖሉ (ካቴኪን የሚመደብበት የንጥረ ነገር ቤተሰብ) ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘውን የብረት ማዕድን ይይዝና ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል፤ ገበታው በእንጀራና በሽሮ ላይ ለቆመ ሕዝብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 እንዳመለከተው ዋነኛው የሻይ ካቴኪን በተጨማሪ ምግብ መልክ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ ጉበትን የመጉዳት ምልክት ያሳያል፤ የተፈላው ሻይ ግን በጥቅሉ ስጋት የለበትም። ያው ንጥረ ነገር፣ ሌላ መጠን፣ ሌላ ውጤት። በአንጻሩ በ2006 አሜሪካ ከአረንጓዴ ሻይ ካቴኪኖች የተዘጋጀ ቅባት ለአባላዘር ኪንታሮት በሐኪም ትእዛዝ እንዲሰጥ ፈቀደች። የተሳካው ይዘቱ ተለክቶ ስለታወቀና ጥያቄው ጠባብ ስለነበረ ይመስለኛል።

ጹጂሙራ ከ1949 ጀምረው በፕሮፌሰርነት ያገለገሉበት የኦቻኖሚዙ ዩኒቨርሲቲ «ቅጠሉ ውስጥ ምን አለ?» የሚለውን ጥያቄ አልጣለም። በ2000 ሚሳኮ ካቶና ባልደረቦቻቸው ሻይ ቅጠል ውስጥ ካፌይንን የሚያስገኘውን ኢንዛይም ዘረ-መል አገኙ። የኋላ የዘረ-መል ጥናቶች እንዳሳዩት ቡና ይህንኑ ካፌይን መሥራት የተማረው ከሻይ ተለይቶ፣ በራሱ መንገድ ነው። ካፌይን እንዴት እንደሚሠራ የማወቁ ፍለጋ ወደ እኛ ጫካ ቡና የደረሰው በ2004 ነው። የብራዚል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ዘር የበቀሉ 3,000 ያህል የቡና ዛፎችን መርምረው ካፌይን የለሽ ሊባሉ የሚችሉ ሦስት አገኙ። ዛፎቹ መንገዱን የጀመሩት እንደ ሌሎቹ ነው፤ የመጨረሻዋ እርምጃ ላይ ኢንዛይሙ ይሰንፍና ካፌይን መሆን የነበረበት ቴኦብሮሚን ሆኖ ቅጠሉና ፍሬው ውስጥ ይቀራል።