በየግማሽ ሰዓቱ መነሣት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት በእንግሊዝ አገር ድንገተኛ የልብ ሕመም የብዙ ጎልማሶችን ሕይወት ይቀጥፍ ነበር። ጄሪሚ ሞሪስ የተባለ ተመራማሪ ሐኪም ምክንያቱን ሰዎች ቀኑን ሙሉ ከሚውሉበት ሥራ ውስጥ ለመፈለግ ተነሣ። ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 64 የሆነ 31,000 ያህል የለንደን ትራንስፖርት ወንድ ሠራተኞችን የጤና መረጃ መረመረ። በዚያ ዘመን በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ላይ ሁለት ሰዎች አብረው ይሠሩ ነበር፦ ሾፌሩና ትኬት ቆራጩ። ኑሯቸው ይቀራረባል፣ የሚሠሩትም በአንድ መኪና ውስጥ ነው። ሾፌሩ ግን የሥራ ሰዓቱን አብዛኛውን ተቀምጦ ያሳልፋል፤ ትኬት ቆራጩ ደግሞ በቀን ከ500 እስከ 750 ደረጃ ይወጣል።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1953 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። ትኬት ቆራጮቹ በልብ ሕመም የሚያዙት ከሾፌሮቹ ባነሰ ቁጥር ሆኖ ተገኘ። ሕመሙ ይዟቸው በአጭር ጊዜ ውስጥ የሚሞቱትም ከሾፌሮቹ ጋር ሲነጻጸሩ ግማሽ ያህል ነበሩ። በፖስታ ቤት ሠራተኞች ላይም ተመሳሳይ ነገር ታየ፦ በእግርና በብስክሌት ደብዳቤ የሚያድሉት በጠረጴዛ ዙሪያ ከሚውሉት ጸሐፊዎች የተሻለ ልብ ነበራቸው።

ይህን ያነበበ ሁሉ ወዲያው አልተቀበለውም። ምናልባት ቀድሞውንም ወፈር ያሉት ሰዎች ሾፌርነትን መርጠው ይሆን? ሞሪስ ጥያቄውን ለመመለስ ወደ ደንብ ልብስ መዝገብ ሄደ። የሾፌሮቹ ሱሪ ወገብ በእርግጥ ሰፋ ያለ ነበር። ነገር ግን ቀጭኑን ከቀጭን፣ ወፍራሙን ከወፍራም ጋር ሲያነጻጽርም በድንገት የሚሞቱት ሾፌሮች ይበዙ ነበር። የውፍረት ልዩነት ብቻውን ጉዳዩን አያስረዳም ማለት ነው።

ከዚህ ጥናት የምንወስደው ትልቁ ቁም ነገር፣ ትኬት ቆራጮቹን የጠቀማቸው ከሥራ በኋላ የሠሩት ስፖርት አለመሆኑ ነው። ሥራቸው ራሱ ቀኑን ሙሉ ያንቀሳቅሳቸው ነበር። የዛሬው የቢሮ ሠራተኛ ያጣውም ይህንኑ ነው። በእኛ መሥሪያ ቤቶች አንድ ፋይል ከመዝገብ ቤት ወጥቶ እስከ ኃላፊው ጠረጴዛ በሰው እጅ ይጓዝ ነበር። ዛሬ በኮምፒውተር ይላካል። ለባልደረባ የሚነገረው በቴሌግራም ይጻፋል። ሠራተኛው ጠዋት በሰርቪስ ተቀምጦ ይመጣል፣ ከ2፡30 እስከ 11፡30 ከምሳ ሰዓት በስተቀር ወንበር ላይ ይውላል፣ ማታም በሰርቪስ ተቀምጦ ይመለሳል።

ሥራ የፈታ እግር

ቁጭ ስንል ትልልቆቹ የጭንና የባት ጡንቻዎች ሥራ ያቆማሉ። ይህ የሚመስለውን ያህል ቀላል ነገር አይደለም፤ ጡንቻ ከምግብ በኋላ በደም ውስጥ ከሚጨምረው ስኳር ትልቁን ድርሻ የሚወስድ የሰውነት ክፍል ነውና። ሰውነት ዕረፍት ላይ ሲሆን ስኳሩ ወደ ጡንቻ ለመግባት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ይፈልጋል። ጡንቻ ሲሠራ ግን ሌላ መንገድ አለው፦ በሕዋሱ ውስጥ ያሉ ስኳር አስተላላፊ ፕሮቲኖች ኢንሱሊንን ሳይጠብቁ ወደ ሕዋሱ ሽፋን ወጥተው ስኳሩን ያስገባሉ። ስለዚህ ምሳ በልቶ የተራመደ ሰው ለቆሽቱ ሥራ ያቀልላታል፤ በልቶ ወዲያው የተቀመጠ ሰው ግን ሸክሙን ሁሉ በእርሷ ላይ ይጥላል።

ስብም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። በደም ውስጥ የሚዞረውን ስብ ሰባብሮ ለጡንቻ ምግብ የሚያደርግ ሊፖፕሮቲን ላይፔዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። በአይጦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች የኋላ እግሮቻቸው ለሰዓታት ሥራ ሲፈቱ በእግር ጡንቻዎቻቸው ውስጥ የዚህ ኢንዛይም ሥራ በእጅጉ ቀንሷል።

ሦስተኛው ጉዳይ የደም ዝውውር ነው። ልብ ደምን ወደ እግር ትገፋለች፤ ደሙ ከእግር ወደ ላይ እንዲመለስ ግን የባት ጡንቻ ደም መላሽ ሥሮችን እየጨመቀ ማገዝ አለበት። የሕክምና ሰዎች ባትን ሁለተኛው ልብ የሚሉት ለዚህ ነው። ባት ሲያርፍ ደም በእግር ይጠራቀማል፣ እግር ያብጣል፤ ለረጅም ሰዓት ሲቀጥልም የደም መርጋት ዕድል ይጨምራል። ደም ወሳጅ ሥሮችም ከዚህ አያመልጡም። በአሜሪካ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወጣቶችን ለ3 ሰዓት አስቀምጠው አንዱን እግራቸውን ብቻ ለ1 ደቂቃ እያርገበገቡ ለ4 ደቂቃ እንዲያሳርፉ አደረጉ። ሳይንቀሳቀስ የቆየው እግር ደም ሥር የመስፋት ችሎታው ሲዳከም የተርገበገበው እግር ግን ተሻሽሎ ተገኘ። በእኛ ዘንድ ተቀምጦ እግሩን የሚያርገበግብ ልጅ ይገሠጻል፤ እግሩ ግን ለደም ሥሩ የሚበጀውን እያደረገ ነው።

በስንት ደቂቃ አንዴ?

እ.ኤ.አ. በ2012 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ 19 ሰዎችን ለሰዓታት አስቀምጠው አጠኑ። በየ20 ደቂቃው ለ2 ደቂቃ ብቻ በቀስታ ሲራመዱ ከምግብ በኋላ የሚታየው የስኳር ጭማሪ ሳይነሡ ከተቀመጡበት ቀን ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ቀነሰ።

እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተለያዩ ልኮችን አወዳደሩ። 11 ጎልማሶችና አረጋውያን በተለያዩ ቀናት ለ8 ሰዓት ተቀመጡ፤ በአንዱ ቀን በየ30 ደቂቃው፣ በሌላው ቀን በየሰዓቱ፣ ለ1 ወይም ለ5 ደቂቃ ተራመዱ። የደም ስኳርንም የደም ግፊትንም አንድ ላይ የቀነሰው በየ30 ደቂቃው ለ5 ደቂቃ መራመድ ነበር፤ ከምግብ በኋላ የሚመጣውን የስኳር ጭማሪ በ58 በመቶ ዝቅ አደረገ። የደም ግፊት ግን በየሰዓቱ ለ1 ደቂቃ በመራመድም ቀንሷል። የተጠኑት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ አቅጣጫው ግን ከሌሎች ጥናቶች ጋር ይስማማል።

የጠዋት ሩጫስ?

ማለዳ ተነሥቶ መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ የሚሮጥ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢቀመጥ ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ2016 ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሆኑ ሰዎችን መረጃ ያጣመረ ጥናት በላንሴት ወጥቶ ነበር። በቀን ከ60 እስከ 75 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ የሚያደርጉ ሰዎች ከ8 ሰዓት በላይ ቢቀመጡም መቀመጥ የሚያመጣው ተጨማሪ የሞት አደጋ አልታየባቸውም። ይህ መልካም ዜና ነው። ነገር ግን በየቀኑ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚተርፈው የቢሮ ሠራተኛ ስንት ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ የመቀመጫ ጊዜንም ቀንሱ ይላል። ከዚህ በፊት እንቅስቃሴ እንዲቆጠር ቢያንስ 10 ደቂቃ መዝለቅ አለበት ይባል ነበር። አዲሱ መመሪያ ይህን አንሥቶታል፤ ትንሹም እንቅስቃሴ ይቆጠራል።

ቆሞ መሥራትስ? ከፍ የሚል ጠረጴዛ ጀርባንና አንገትን ሊያሳርፍ ይችላል፤ የሚያቃጥለው ተጨማሪ ጉልበት ግን እዚህ ግባ አይባልም። ሳይንቀሳቀሱ ቆሞ መዋል የራሱ ጉዳት አለው፤ በእግር ላይ የደም ሥር ማበጥ ቆመው በሚውሉ ሠራተኞች ላይ የተለመደ ነው። ለውጥ የሚያመጣው ጡንቻ መሥራቱ ነው።

በቢሮ ውስጥ

ለዚህ ጂምም የስፖርት ልብስም አያስፈልግም። ስልክ ሲደወል ተነሥቶ እየተራመዱ ማውራት ይቻላል። እዚያው ፎቅ ላይ ላለ ባልደረባ በቴሌግራም ከመጻፍ ሄዶ መንገር ይሻላል። ውኃ በትልቅ ኮዳ ጠረጴዛ ላይ ከማኖር በብርጭቆ እየቀዱ መጠጣት በራሱ ያስነሣል። ቢሮው አሥረኛ ፎቅ የሆነ ሰው እስከ ሰባተኛው በሊፍት ወጥቶ ቀሪዎቹን ሦስት ፎቆች በእግሩ ሊጨርስ ይችላል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች ግን ቀስ በቀስ መልመድ ይበጃል። ከሁሉ በላይ የምሳውን ሰዓት አታባክኑት። ስኳር የሚጨምረው ያኔ ነውና ከምሳ በኋላ የሚደረግ የ10 ደቂቃ እርምጃ ዋጋው ትልቅ ነው።

ቦታውን መልቀቅ የማይችልም አለ፤ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ወይም ስልክ ተቀባይ። እርሱም ተቀምጦ ተረከዙን ማንሣትና ማውረድ፣ ደንበኛ ሲያልቅ አሥር ጊዜ ከወንበር ተነሥቶ መቀመጥ ይችላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው እንቅስቃሴውን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ይህ ሁሉ ግን የሠራተኛው ጥረት ብቻ ከሆነ አይዘልቅም። በየግማሽ ሰዓቱ ለ5 ደቂቃ መነሣት በ8 ሰዓት ውስጥ 80 ደቂቃ ይሆናል፤ ይህን የሚሰማ ኃላፊ ሥራ ተበደለ ሊል ይችላል። እየተራመዱ የተነጋገሩት ስልክ፣ በእግር የተወሰደው ፋይል ግን ሥራ ናቸው። ከወንበሩ የተነሣን ሠራተኛ ሥራ ፈት አድርጎ ማየት መቅረት አለበት። ስብሰባዎቻችን ደግሞ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ይዘልቃሉ፤ በመካከል የሚነሣ ሰውም ስብሰባውን እንደናቀ ይቆጠራል። ይህን ልማድ የሚሽረው ወንበሩን የያዘው ሰብሳቢ እንጂ ታዳሚው አይደለም። መሥሪያ ቤት የምትመሩ ሁሉ፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ቀድማችሁ ተነሡ፣ ሌላውንም አስነሡ። ወጪ የለውም፤ የምትጠብቁት ግን የሠራተኞቻችሁን ልብ ነው።