ከቀለሙ በፊት ያለው ሥራ
የመኪናን ሞተር ክፍል በቤት ውስጥ ማደስና ሳይንሱ

የብራና ጸሐፍት የታወቀ ሥርዓት አላቸው። ቆዳው በመወጠሪያ ተወጥሮ ሥጋውና ስቡ ካልተፋቀ፣ ጸጉሩም ተነሥቶ ካልለሰለሰ በቀር ብዕር አያነሡም። ስብ ያለበት ብራና ቀለም አይዝምና! በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ መሪነት ታላቅ የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል የሆነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይህን ጥበብ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ከገዳሙ አቅራቢያ፣ ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ ከተማና በአምባሰል በኩል ወደ ወልድያ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና የሚመላለሱት አሮጌ መኪኖችም ለዚሁ ሕግ ይገዛሉ።

እነዚህን መኪኖች በአዲስ መተካት ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል፤ በ2024 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ ያለውን ጠብቆ ማቆየት ግድ ነው። ኮፈኑን ከፍተው የዛገውን የሞተር ክፍል በግቢያቸው ለመቀባት የሚነሡ ወጣቶችም ይህን ያውቃሉ። ይሁን እንጂ ቀለሙ ብዙ ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ይላጣል። ለመሆኑ ምክንያቱ ምንድን ነው?

ቀለም ለምን ይላጣል?

ብረት፣ ውኃና ኦክስጅን ሲገናኙ በላሜራው ላይ ጥቃቅን ባትሪዎች የተፈጠሩ ያህል ይሆናል። በአንዱ ነጥብ የብረት አቶሞች ኤሌክትሮን እየለቀቁ ይሟሟሉ፤ በሌላው ነጥብ ኦክስጅን ኤሌክትሮኖቹን ይቀበላል። የሚፈጠረው ዝገት ከተበላው ብረት እጥፍና ከዚያ በላይ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያነሣዋል። በሞተር ክፍል ውስጥ ደግሞ የዘይት ቅባት፣ ሙቀትና የባትሪ አሲድ ይጨመራሉ።

ጽዳቱ

በመጀመሪያ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ከዚያም የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ቀድሞ ተፈትቶ ባትሪው ይውጣ። አሲድ የነካው ላሜራ በቤኪንግ ሶዳ ብጥብጥ ሲታጠብ አረፋ ያወጣል፤ አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አረፋው ሲያቆም አሲዱ ከሽፏል ማለት ነው።

ዲናሞው፣ የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያዎቹና የአየር ማስገቢያው በፌስታል ከተሸፈኑ በኋላ ቅባቱ በዱቄት ሳሙናና በሞቀ ውኃ ይታጠባል። በቤንዚን ማጠብ የተለመደ ቢሆንም እጅግ አደገኛ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ በመሬት ላይ እየተሳበ ቡና ወደተጣደበት ከሰል ሊደርስ ይችላል።

ላሜራው መጽዳቱን በምን እናውቃለን? ውኃ አፍስሱበት። ውኃው ሳይቆራረጥ እንደ ስስ ጨርቅ ከተነጠፈ ጸድቷል፤ በጠብታ በጠብታ ከተሰበሰበ ግን ቅባት አለ። የውኃ የገጽ ውጥረት በሜትር 72 ሚሊኒውተን ያህል ሲሆን ቅባት ውኃን የሚስብበት ኃይል ደካማ ስለሆነ ውኃው ወደ ራሱ ይሰበሰባል።

ዝገቱና አሮጌው ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈጉ እየረጠቡ ይሁን። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚገኘውን እርሳስ በሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ አሮጌው ቀለም ግን ከዚያ የቀደመ ሊሆን ይችላል። የእርሳስ ብናኝ ደግሞ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል።

ቅቡ

የተራቆተው ላሜራ በሚገባ እንደደረቀ በዚያው ዕለት አንቲረስት ይቀባ። በሐይቁ ዳርቻ የንጋት እርጥበት ስለማይጠፋ የበጋው እኩለ ቀን ይመረጣል። የቲነሩ ትነት ላሜራውን ስለሚያቀዘቅዘው ጤዛ አርፎበት ቀለሙ ሊነጣ ይችላል። ስለዚህ ላሜራው ጤዛ ከሚፈጠርበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት።

ሲንተቲክ ቀለም የሚጠነክረው ቲነሩ በመትነኑ ብቻ ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን በመውሰድም ነው። በወፍራሙ ከተቀባ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ይቀራል፤ ስስ ስስ እያደረጉ መደራረብ ይሻላል። ይኸው ኬሚካዊ ለውጥ ሙቀት ስለሚያመነጭ ቀለም የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ራሱ ሊነድ ይችላል፤ ተዘርግቶ በውጭ ይድረቅ። በሁለት ክፍል ተበጥብጦ የሚረጨው ቀለም አይሶሳያኔት ስለሚኖረው አስም ያስከትላል፤ የጨርቅ ማስክም አይከላከለውም። ይህ ለባለሙያ ይተው።

እጣቢው ወዴት ይሂድ?

የሐይቅ ሐይቅ ውኃው ወደ ውጭ የሚፈስበት ወንዝ የለውም። ከአካባቢው ቦይ ጋር የገባ ዘይትና የእርሳስ ብናኝ ወደ ሌላ ስፍራ ተጠርጎ አይሄድም፤ ዓሣ በሚጠመድበት ውኃና በሥሩ ባለው ጭቃ ውስጥ ይከማቻል። ስለሆነም ከመታጠቡ በፊት ዘይቱ በሰጋቱራ ይመጠጥ፤ ከመኪናው ሥር ላስቲክ ይነጠፍ፤ እጣቢው በጀሪካን ይጠራቀም። ሲረጋ ዘይቱ ስለሚንሳፈፍ ተለይቶ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጣል። ዝቃጩም ወደ ቦይ አይደፋ።

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩን ራሳችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። ሁለት ቁራጭ ላሜራ ውሰዱ፤ አንዱን በሳሙና እጠቡና አድርቁት፣ ሌላውን በዘይት ጨርቅ አብሱት። ሁለቱንም በአንድ ቀለም ቀብታችሁ ከሳምንት በኋላ በምላጭ ጫሩና ፕላስተር ለጥፋችሁ ንቀሉ። ከፕላስተሩ ጋር ተነቅሎ የሚወጣው የየትኛው ቀለም እንደሆነ ተመልከቱ።