የወታደር ቦርሳ ከባድ ጭነት ያቀላል? ከመግዛታችሁ በፊት ትከሻችሁን ጠይቁ

አቃቂ ቃሊቲ የምትኖሩ ከሆነ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን በደቡብ በኩል ዝቋላን ታያላችሁ። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ አናቱ ላይ ሐይቅ የተኛበት የቆየ እሳተ ገሞራ ነው። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ሲደርስ ስንቁን ተሸክሞ የሚወጣው ምዕመን ብዙ ነው። ከበዓሉ ውጪም ድንኳንና ውሃ ይዘው ተራራ ላይ ማደር የሚያምራቸው ወጣቶች አሉ። ታዲያ «በምን እንሸከም?» የሚለው ጥያቄ ሲነሳ አንዱ ጓደኛ መልሱ በእጁ ነው፦ «የወታደር ቦርሳ ፈልጉ፤ እሱ አይበጠስም!»

አይበጠስም ማለቱ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ጦር ሠራዊቶች ትጥቃቸውን ሲቀይሩ አሮጌውን በጅምላ ይሸጡታል። ከዚያ የተወሰነው በሰልባጅ ንግድ ወይም ውጭ አገር ባለ ዘመድ ሻንጣ እየተጠቀለለ እኛ ዘንድ ይደርሳል። በብዛት የሚታወቁት የአሜሪካኖቹ «አሊስ» እና «ሞሌ»፣ እንዲሁም የእንግሊዞቹ «በርገን» ናቸው። አሊስ በ1970ዎቹ፣ ሞሌ ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) የመጡ ናቸው። ሸራቸው ወፍራም፣ ስፌታቸው ድርብ ነው። ግን አለመበጠስ ሌላ፣ በደንብ መሸከም ሌላ። ከቦርሳው በፊት የሚጎዳው ተሸካሚው ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። 25 ኪሎ የሚመዝን ቦርሳ በሁለት ማንገቻ ብቻ ትከሻችሁ ላይ ተንጠለጠለ እንበል። እያንዳንዱ ማንገቻ ትከሻን የሚጫነው 5 ሴንቲ ሜትር በ12 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቦታ ላይ ቢሆን፣ ሁለቱ ተደምረው 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። 25 ኪሎውን ለዚያ ስታካፍሉት፣ የጣት ጥፍር በምታክል እያንዳንዷ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ከ200 ግራም በላይ ያርፋል ማለት ነው፤ ያውም ለሰዓታት። ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች ደግሞ የሚያልፉት እዚያው አካባቢ፣ ከአንገት ሥር በአግድም በሚዳሰሰው አጥንትና በመጀመሪያዋ የጎድን አጥንት መካከል ነው። ማንገቻው ለረጅም ጊዜ ሲጫናቸው ክንድ ይደነዝዛል፣ ጣት ይነዝራል፤ ሲብስም ክንድን ማንሳት ያቅታል። በወታደሮች ላይ በተደጋጋሚ ስለታየ በሕክምና የራሱ ስም ተሰጥቶታል፦ የጀርባ ቦርሳ ሽባነት። ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይሻላል፤ ቢሆንም ቀልድ አይደለም።

መፍትሔው ክብደቱን ለትከሻ ብቻ አለመተው ነው። ዳሌ ሰፊ አጥንት አለው፣ ክብደቱንም በቀጥታ ወደ እግር ያወርዳል። ለዚህ ግን ሁለት ነገሮች አብረው መኖር አለባቸው፦ የማይታጠፍ ፍሬም እና ጠበቅ ብሎ የሚታሰር ወፍራም የወገብ ቀበቶ። ፍሬም ከሌለ ሸራው ይታጠፍና ክብደቱ ቀበቶው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ፍሬም ኖሮ ቀበቶው ቀጭን ከሆነም ያው ነው። ሻጮች «ክብደቱ በሙሉ ወደ ወገብ ይወርዳል» ሲሉ ግን አትመኑ። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጦር ተመራማሪዎች ጥናት ፍሬምና የወገብ ቀበቶ ባለው ቦርሳ ላይ ኃይሉ ሲለካ፣ ወደ ታችኛው ጀርባ የሄደው 30 በመቶ ያህሉ ነበር። ቀሪው እዚያው ላይ ነው። ቢሆንም ከ25 ኪሎ ውስጥ ከ7 ኪሎ በላይ ከትከሻ ወረደ ማለት ነው፤ ለመንገደኛ ትልቅ እፎይታ ነው።

እዚህ ላይ የወታደር ቦርሳ አንድ ምስጢር አለው። ወታደር ወገቡ ላይ ሌላ ነገር ታጥቋል፦ ኮዳው፣ ጥይቱ፣ የመጀመሪያ እርዳታ መስጫው። ስለዚህ ብዙ የወታደር ቦርሳዎች ከዚያ ትጥቅ በላይ እንዲቀመጡ ታስበው አጠር ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ የወገብ ቀበቶአቸውም ቀጭን ነው፣ ወይም ጭራሽ የለም። የእንግሊዞቹ በርገን ላይ «አጭር ጀርባ» ወይም «ረጅም ጀርባ» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ታገኛላችሁ። አጭሩ የተሠራው እንዲህ ላለው ታጣቂ ነው። እናንተ ግን ወገባችሁ ባዶ ነው! ለእሱ የሚመቸው አሠራር ለእናንተ ጉድለት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። አንገታችሁን ጎንበስ ስታደርጉ ማጅራታችሁ ሥር ጎልታ ከምትወጣው አጥንት ጀምራችሁ እስከ ዳሌ አጥንታችሁ ጫፍ ትይዩ ድረስ ጀርባችሁን አስለኩ። ከማንገቻው መነሻ እስከ ወገብ ቀበቶው ያለው ርቀት ከዚህ ጋር ካልተቀራረበ፣ ቀበቶው ወይ ሆድ ላይ ወይ ከዳሌ በታች ያርፋል። የአሊስ ፍሬም አንድ ቁመት ብቻ ስላለው ለአንዱ ልክ ሆኖ ለሌላው አይሆንም። ባዶውን አንግቶ መሞከርም ምንም አይነግራችሁም። የሻጩን ፈቃድ ጠይቁና 10 ኪሎ የሚሆን ዕቃ ከትታችሁ ትንሽ ተራመዱበት። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ።

ፍሬሙን ስታዩ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ስንጥቅ ፈልጉ። ይኼ ለአቃቂ ልጆች በተለይ ይመለከታል፤ ምክንያቱም «ምን ችግር አለው፣ ሰፈር ያለው ብየዳ ቤት ያስተካክለዋል» ማለት ይቀናችኋል። የአሊስ ፍሬም ግን አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀልጣል፤ ላዩን የሸፈነው ስስ የኦክሳይድ ንጣፍ ግን ለመቅለጥ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። በር እና መስኮት በሚበየድበት ተራ ማሽንና ዘንግ ሲሞከር ሽፋኑ ሳይለቅ ውስጡ ይቀልጥና ቱቦው ይበሳል። ለአሉሚኒየም የሚሆን ማሽንና የለመደ እጅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ሞሌዎች ፍሬም ደግሞ ፕላስቲክ ሆኖ በመሰበር ስሙ የጠፋ ነው፤ በኋላ ተሻሽሏል።

ጨርቁን አሽትቱት። ናይለን ውሃ እንዳያስገባ ውስጡ የሚቀባው ፖሊዩሬታን ከእርጥበት ጋር ቀስ በቀስ ይበላሻል፤ ያን ጊዜ ይጣበቃል፣ ይቀረፈፋል፣ ይሸታል። እንዲህ የሆነውን ማጠብ አያድነውም። የጥጥ ሸራ ከሆነ በክረምት ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይሻግታል።

ስለ ቀለሙም አንድ ነገር ልበል። ዝንጉርጉሩን የሠራዊት ቀለም ተዉት። ኬላ ላይ «ይሄ ከየት የመጣ ነው?» ተብሎ ከማስረዳት ጥቁር ወይም ቡናማ መምረጥ ይሻላል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ትልቁ አሊስ ከነፍሬሙ ባዶውን 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 55 ኪሎ የሆነ ወጣት የሰውነቱን ክብደት 20 በመቶ ልሸከም ቢል 11 ኪሎ ነው። 3ቱን ቦርሳው ራሱ ወሰደ፤ 8 ቀረ። አራት ሊትር ውሃ አራት ኪሎ ነው። ለምግብ፣ ለብርድ ልብስና ለድንኳን 4 ኪሎ ብቻ ተረፈ። ከዚህ በላይ መጫን ይቻላል፤ ወታደሮችም ይጭናሉ፤ ግን እነሱ ለወራት ሠልጥነው ነው፣ እንዲያም ሆኖ ጉልበታቸውና ወገባቸው ይጎዳል። እድገታችሁን ካልጨረሳችሁ ከዚህም ዝቅ ማለት ነው ያለባችሁ።

«የእንጦጦ እናቶችስ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከ30 ኪሎ በላይ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በገመድ አስረው ሲወርዱ ማን ያላየ አለ? እ.ኤ.አ. በ1986 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ኬንያ ውስጥ የሉኦና የኪኩዩ ሴቶች እስከ ሰውነታቸው ክብደት 20 በመቶ ድረስ ያለ ተጨማሪ ጉልበት ሊሸከሙ እንደሚችሉ አሳይቶ ዓለምን አስገርሟል። በኋላ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሌሎች ሴቶች ላይ ሲለካ ግን ውጤቱ አልተደገመም። የኬንያዎቹ ከልጅነት ጀምሮ የለመዱ ናቸው፤ 20 በመቶው ካለፈ በኋላም ጭነቱ እነሱንም ጉልበት ያስከፍላቸዋል። የእንጦጦዋ እናት ያን ያህል የምትሸከመው ስለማይከብዳት አይደለም፣ አማራጭ ስለሌላት ነው።

ቦርሳው ከተገዛ በኋላ አደራደሩ ይቀራል። ከባዱን ዕቃ፣ በተለይ ውሃውን፣ ከጀርባችሁ ጋር አጣብቁት። 15 ኪሎ ከጀርባ 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲቀመጥና 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲቀመጥ ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል በሦስት እጥፍ ይለያያል። ያንን ለማካካስ ነው ሰው እንደ ቀስት ጎብጦ የሚሄደው። ሜዳ ላይ ከባዱ ነገር ከትከሻ ትይዩ ቢሆን ይመረጣል፤ ዳገትና ድንጋያማ ቦታ ላይ ግን ትንሽ ዝቅ ሲል ሚዛን ይጠበቃል።

በክረምት የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ጫማችሁን አትርሱ። እግር ላይ የተጫነ አንድ ኪሎ ጀርባ ላይ አምስት ኪሎ የመሸከምን ያህል ጉልበት ይበላል፤ በየእርምጃው ስለሚነሳና ስለሚጣል። የአቃቂ ዋልካ አፈር ሲረጥብ ጫማ ላይ እንዴት እንደሚከመር ታውቃላችሁ። በየእግራችሁ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ጭቃ ከያዛችሁ፣ ቦርሳውን ለማቅለል የለፋችሁበት በሙሉ እዚያው ጫማችሁ ሥር ተመልሶ ይጫንባችኋል። ጭቃውን መፋቂያ አንዲት እንጨት በቦርሳው የጎን ኪስ ሰኩ።