የነፋስ ኃይል በኬፕ ቬርዴ ደሴቶች

ከሴኔጋል የባሕር ዳርቻ በስተምዕራብ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የምትገኘው የኬፕ ቬርዴ ሪፑብሊክ ዐሥር ደሴቶች ያሏት፣ ከእነዚሁም በዘጠኙ ሰው የሚኖርባት፣ የሕዝቧም ቁጥር ግማሽ ሚሊዮን ያህል የሆነ ትንሽ አገር ናት። ከፖርቱጋል አገዛዝ ነጻ የወጣችው በ1975 ዓ.ም. ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው የዓመት ቁጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የነዳጅ ጕድጓድ የላትም፤ የድንጋይ ከሰል የላትም፤ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ታላቅ ወንዝም የላትም። ያላት ፀሐይ፣ ጨው፣ ባሕርና ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ ነው። ይህች አገር ከእነዚህ አንዱን ነፋሱን ወደ ገበያ ያወጣችበት ዘዴ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ለአንባብያን በአጭሩ ማቅረብ መልካም መስሎ ታይቶናል።

የደሴቶቹ ኤሌክትሪክ ለብዙ ዘመን ይገኝ የነበረው በመርከብ ተጭኖ በሚመጣ ናፍጣና ከባድ የነዳጅ ዘይት ከሚሠሩ ሞተሮች ነው። በሰፊ የብስ ላይ ያለ አገር አንዱ ማመንጫ ቢበላሽበት ከሌላው በሽቦ ይቀበላል። በባሕር የተለያዩ ደሴቶች ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ማመንጫ፣ የራሳቸው የነዳጅ ማጠራቀሚያና የራሳቸው ሠራተኛ ሊኖራቸው የግድ ነው። ከዚህም በላይ በፕራያ፣ በሚንዴሎ፣ በሳልና በቦአ ቪስታ ሕዝቡ የሚጠጣው ውኃ በአብዛኛው ከባሕር ተቀድቶ ጨዉ የሚወጣለት ነው፤ ይህም ሥራ የሚከናወነው በኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ የነዳጅ ዋጋ በጨመረ ቍጥር የሚወደደው መብራት ብቻ አይደለም፤ ውኃውም፣ በበረዶ ቤት የሚቀመጠው ዓሣም፣ ቱሪስት የሚያርፍበት የሆቴል አልጋም አብሮ ይወደዳል።

ለዚህች አገር ከውጭ በሚመጣ ነዳጅ መኖር አዲስ ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት እንግሊዞች በሳን ቪሴንቴ ደሴት፣ በሚንዴሎ ወደብ፣ ለእንፋሎት መርከቦች የድንጋይ ከሰል መጋዘን ከፍተው ነበር። ከተማውም በዚያ ንግድ ለማ። ነገር ግን መርከቦች ከሰልን ትተው በዘይት መሄድ ሲጀምሩ የወደቡ ገበያ ቀዘቀዘ። በሌላ ሰው ዕቃ ላይ ብቻ የቆመ ንግድ የዕቃው ባለቤት ፊቱን ባዞረ ቀን እንደሚወድቅ ሚንዴሎ ቀድማ አይታዋለች።

የነፋስ ማመንጫ በደሴቶቹ ላይ በመጠኑ መሥራት የጀመረው በ1994 ዓ.ም. በዴንማርክ እርዳታ በተተከሉ ጥቂት መኪናዎች ነው። የእነዚህ ኃይል በጠቅላላው 2.4 ሜጋዋት ብቻ ስለ ነበረ ከነዳጁ ወጪ ብዙ አላቃለሉም፤ ይሁን እንጂ ነፋሱ ሊታመን የሚችል መሆኑን አስመስክረዋል። በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. የአንድ በርሜል ድፍድፍ ዘይት ዋጋ በዓለም ገበያ 147 ዶላር በደረሰ ጊዜ፣ ጉዳዩ የሙከራ መሆኑ ቀርቶ የአገሪቱ የሒሳብ መዝገብ ጥያቄ ሆነ።

ይሁን እንጂ አንድ ታላቅ ችግር ነበረ። አንዲት ትንሽ ደሴት የምትፈልገው ሦስት ወይም ሰባት መኪና ብቻ ነው። ለዚህ ያህል ሥራ ከውጭ መሐንዲስና ከባድ ክሬን ለማምጣት፣ ከባንክም ጋር ለመዋዋል የሚወጣው ወጪ ከሥራው ጋር የሚመጣጠን አይደለም። አበዳሪም ለትንሽ ገንዘብ ብዙ ወረቀት መመርመር አይወድም። መፍትሔው የተገኘው የአራቱን ደሴቶች ፍላጎት በአንድ ኩባንያ ሥር፣ በአንድ ግዢና በአንድ ብድር በማጠቃለል ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ካቤኦሊካ የተባለው ይህ ኩባንያ የመንግሥትና የግል ሽርክና ነው። በመጀመሪያ ሥራውን ያቀደው ኢንፍራኮ አፍሪካ ሲሆን፣ አፍሪካ ፋይናንስ ኮርፖሬሽንና የፊንላንዱ ፊንፈንድ፣ እንዲሁም የኬፕ ቬርዴ መንግሥትና የኤሌክትሪክና የውኃ ድርጅቱ ኤሌክትራ ባለአክሲዮን ሆነው ገቡበት። የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክ 30 ሚሊዮን ኤውሮ፣ የአፍሪካ ልማት ባንክ 15 ሚሊዮን ኤውሮ አበደሩ። ብድሩን ያስገኘው ዋናው መያዣ ግን መሬት ወይም ሕንፃ አልነበረም፤ ኤሌክትራ የሚመነጨውን ኃይል ለ20 ዓመት ለመግዛት የፈረመው ውል ነው። ገዢው አስቀድሞ የታወቀ ዕቃ ገንዘብ እንደማያጣ በዚህ ታየ።

በዚህም መሠረት ከ2011 እስከ 2012 ዓ.ም. እያንዳንዳቸው 850 ኪሎዋት የሚያመነጩ፣ ቬስታስ በሚባለው የዴንማርክ ፋብሪካ የተሠሩ 30 መኪናዎች ተተከሉ። ከእነዚሁ 11ዱ በሳንቲያጎ፣ 9ኙ በሳል፣ 7ቱ በሳን ቪሴንቴ፣ 3ቱ በቦአ ቪስታ ሲሆኑ ጠቅላላ ኃይላቸው 25.5 ሜጋዋት ነው። ሥራ ከጀመሩ በኋላ ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ አንድ አምስተኛ ያህሉን ሰጥተዋል። ይህም ማለት ያን ያህል ኃይል ለማግኘት ይገዛ የነበረው ነዳጅ ቀርቶ የውጭ ምንዛሪው ተረፈ ማለት ነው።

ነገሩ እንከን የለሽ ነው ማለት ግን አይደለም። ነፋስ ገበያን አይጠብቅም፤ ሆቴሉና ሱቁ በተዘጋበት፣ የኤሌክትሪክ ፍላጎት ባነሰበት ሌሊትም ይነፍሳል። የናፍጣ ሞተሮች ደግሞ ነፋሱ በድንገት ቢቀንስ ከተማው እንዳይጨልም ሁልጊዜ በዝቅተኛ ልክ ቢሆንም መሥራት አለባቸው፤ ከተወሰነ ልክ በታች እንዲሠሩ ማድረግም ሞተሩን ይጎዳል። በዚህ ምክንያት የነፋስ መኪናዎቹ እየቻሉ እንዲቆሙ የሚገደዱበት ሰዓት አለ። ያልተወሰደው ኃይል ኪሳራ በሻጩ ላይ ይሁን ወይስ በገዢው ላይ የሚለው በእንዲህ ያለ ውል ውስጥ ከሁሉ በፊት ተጽፎ ማለቅ ያለበት አንቀጽ ነው። መንግሥቱም ቀድሞ የኤሌክትሪኩን ግማሽ በ2020 ዓ.ም. ከነፋስና ከፀሐይ አገኛለሁ ብሎ አቅዶ ነበር፤ አልደረሰለትም፤ ቀኑም ወደ 2030 ዓ.ም. ተዛውሯል። ከነፋሱ የሚገኘውን ትርፍ ኃይል በባትሪ ወይም ውኃን ወደ ከፍታ በመግፋት ማከማቸት ካልተቻለ፣ መኪና መጨመር ብቻውን ነዳጁን አያስቀርም።

የእኛ አገር ደሴት አይደለችም፤ ኤሌክትሪኳንም በብዛት የምታገኘው ከውኃ ነው። ሆኖም የመኪናችን ነዳጅ በባሕር ተጉዞ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ መሆኑ ከኬፕ ቬርዴ ጋር ያመሳስለናል። በነፋስም ረገድ ጀማሪ አይደለንም፤ አዳማ ላይ በ2012 ዓ.ም. 51 ሜጋዋት፣ አሸጎዳ ላይ በ2013 ዓ.ም. 120 ሜጋዋት፣ እንደገና አዳማ ላይ በ2015 ዓ.ም. 153 ሜጋዋት የሚያመነጩ ጣቢያዎች ተመርቀዋል። እግዚአብሔርም በአንድ ነገር አድሎናል፤ ነፋሳችን የሚበረታው የግድቦቻችን ውኃ በሚቀንስበት በበጋ ወራት ነው። ደሴተኞቹ በብዙ ገንዘብ የሚፈልጉትን ማከማቻ እኛ በግድቦቻችን ይዘነዋል ማለት ይቻላል፤ ነፋስ ሲነፍስ ውኃውን አቁመን ማቆየት እንችላለንና።

ለነጋዴው ከዚህ የሚቀረው ቁም ነገር የሽርክናው አሠራር ነው። አንድ የወፍጮ ባለቤት፣ አንድ የቡና ማጠቢያ ወይም አንድ አነስተኛ ፋብሪካ ለብቻው ባንክ ዘንድ ቢሄድ፣ የሚጠይቀው ብድር ለሥራው አነስተኛ፣ ለእርሱ ግን ከባድ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ፍላጎታቸውን አስተባብረው በአንድ ትእዛዝ ቢገዙ፣ ምርቱን የሚወስደውንም ገዢ አስቀድመው በጽሑፍ ቢያስሩ፣ የሚጐድለውን ኪሳራ ማን እንደሚሸከመውም ሳይፈሩ ቢነጋገሩበት፣ ግማሽ ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ደሴት ያገኘችውን አበዳሪ እነርሱም የማያገኙበት ምክንያት የለም። ነፋሱ በኬፕ ቬርዴ ላይ የነፈሰው ከጥንት ጀምሮ ነው፤ ገንዘብ የሆነው ግን ውሉ የተፈረመ ቀን ነው።