ስለ በዓል ብርሃን

በብዙ አገር ከተሞች የልደት በዓል ሲቀርብ መንገዱና አደባባዩ በልዩ ልዩ ቀለም መብራት ያጌጣል፤ ሕዝቡም ልጆቹን ይዞ ብርሃኑን ለማየት ይወጣል። በጋሞ ምድር ግን ሰውን ሁሉ ከየቤቱ የሚጠራው ታላቅ ብርሃን በመስከረም ወር የሚበራው የመስቀል ችቦ ነው። ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን በአባያ ሐይቅ አጠገብ ካለችው፥ በሙዝና በማንጎ ተክል ከታወቀችው ከጫኖ ጀምሮ እስከ ጨንቻ ደጋ ድረስ፥ ሕዝቡ «ዮ ማስቃላ» እያለ በዓሉን ይቀበላል።

ችቦ ማለት ደረቅ ጭራሮ በአንድነት ታስሮ የሚበራ ነው። አንዲት ጭራሮ ለብቻዋ ብትነድ ነፋስ ያጠፋታል፤ ከሌሎቹ ጋራ ስትታሰር ግን ጨለማውን ታርቃለች። የበዓሉም ዝግጅት እንደዚሁ ነው፤ ወንዶች ለበሬ መግዣ ገንዘብ፥ ሴቶችም ቅቤ ጥቂት በጥቂት ያጠራቅማሉ፤ ጎረቤቶችም በሬውን በአንድነት ገዝተው ሥጋውን ይካፈላሉ።

ነገር ግን በጋሞ ልማድ ከችቦው አስቀድሞ የሚፈለግ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም እርቅ ነው። በእርሻ ድንበር ወይም በብድር የተጣሉ ሰዎች ቢኖሩ፥ ሽማግሌዎች ጠርተው ነገራቸውን ይሰማሉ፤ የበደለውም ይቅርታ ይለምናል። ቂም ይዞ ወደ በዓል መግባት ነውር ነውና። ለበሬው ያዋጣ ሰው ከገንዘቡ ሰጠ፤ ይቅር ያለ ሰው ግን ከልቡ ስለ ሰጠ መዋጮው ይበልጣል።

የዚህ ልማድ ኃይል በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከመስቀል በዓል ጥቂት ቀን አስቀድሞ በግልጥ ታየ። ወገኖቻቸው በቡራዩ እንደ ተገደሉ የሰሙ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ከተማ በቁጣ በተነሡ ጊዜ፥ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። እርጥብ ሣር በጋሞ ዘንድ የሰላም ምልክት ነው፤ እርሱን ይዞ የሚለምን ሽማግሌን ረግጦ ማለፍ አይቻልም። ስለዚህ ወጣቶቹ ኀዘናቸው ሳይቀልል ቁጣቸውን ውጠው ተመለሱ። ሽማግሌዎቹ ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ፥ ችቦ በምትጠብቀው ከተማ ሌላ እሳት ሊነሣ ይችል ነበር።

የችቦ ብርሃን ዓይንን ደስ ያሰኛል፤ ሲነጋ ግን አመድ ይሆናል። የታረቁ ጎረቤቶች ሰላም ግን እስከሚመጣው መስከረም ድረስ ያበራል። እንግዲህ ችቦ ይዞ ወደ አደባባይ የሚወጣ ሰው ሁሉ፥ አስቀድሞ የተቀየመውን ጎረቤቱን ደጅ ይምታ።