የተራራው አማተሮች፦ ማንክስ ግራንድ ፕሪ

ማንክስ ግራንድ ፕሪ በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለችው አይል ኦፍ ማን ደሴት በየዓመቱ በነሐሴ ወር የሚካሄድ የአማተሮች የሞተር ብስክሌት ውድድር ነው። ተወዳዳሪዎቹ በአዘቦት ቀን መካኒክ፣ አናጢ፣ መምህር ወይም የቢሮ ሠራተኛ ናቸው፤ የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው ሞተራቸውን በመርከብ ጭነው ይመጣሉ። የሚወዳደሩት ደግሞ ለዚሁ በተሠራ ክብ ሜዳ ላይ ሳይሆን የደሴቲቱ ሰው ገበያና ሥራ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ነው።

መንገድ ዘግቶ መወዳደር በዚህች ደሴት የተለመደው በሕግ ልዩነት ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 የብሪታንያ ሕግ የተሽከርካሪን ፍጥነት በሰዓት በ32 ኪሎ ሜትር ሲገድብ፣ የሕዝብ መንገድ ለውድድር መዝጋትም አይፈቀድም ነበር። አይል ኦፍ ማን ግን ቲንዋልድ የሚባል የራሷ ምክር ቤት አላት፤ ምክር ቤቱ በ1904 መንገድ ለውድድር የሚዘጋበትን ሕግ አወጣ። ቱሪስት ትሮፊ ወይም በአጭሩ ቲቲ የሚባለው የሞተር ብስክሌት ውድድር በ1907 ተጀመረ፤ በ1911 ስኔፌል የሚባለውን ተራራ ተጠግቶ ወደሚያልፈው መንገድ ተዛወረ። ብዙም ሳይቆይ ቲቲ የፋብሪካዎች መፎካከሪያ ሆነ። በገዛ ገንዘቡ ሞተር ገዝቶ የሚወዳደር ሰው ደመወዝተኛውን የፋብሪካ ተወዳዳሪ መቋቋም ስላልቻለ፣ የደሴቲቱ የሞተር ብስክሌት ክበብ በ1923 በዚያው መንገድ ላይ ለአማተሮች ብቻ የሚሆን ውድድር አዘጋጀ። የመጀመሪያውን ድል ሌን ራንድልስ በሰንቢም ሞተር፣ በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር ገደማ አማካይ ፍጥነት አገኘ፤ በተከታዩ ዓመትም ደገመው።

አማተር ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከጅምሩ አስቸጋሪ ነበር። ከአምራቾች ክፍያ የሚቀበል አይወዳደርም ማለት በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ፋብሪካው ሞተሩን በቅናሽ ቢሸጥለትስ? የአሸናፊውን ስም በጋዜጣ ማስታወቂያ ቢጠቀምበትስ? ክርክሩ እየከረረ ሄዶ በ1930 «አማተር» የሚለው ቃል ከውድድሩ ስም ወጣ፤ ማንክስ ግራንድ ፕሪ የሚለው የዛሬው ስያሜም ያኔ መጣ። ቃሉ ቢወጣም ልማዱ አልተለወጠም፤ እስከ ዛሬ አብዛኛው ተወዳዳሪ ወጪውን የሚሸፍነው ከኪሱና ከጥቂት የሰፈር ደጋፊዎች ነው።

አንዱ ዙር 60.7 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከ200 በላይ ኩርባ አለው። መነሻው ዋና ከተማዋ ዳግላስ ነው። ተወዳዳሪው እንደተነሳ ብሬይ ሂል በሚባለው ቁልቁለት ከግራና ከቀኝ በተደረደሩ ቤቶች መካከል ይወረወራል። ቀጥሎ በዛፍ የተሸፈነ ሸለቆ፣ የድንጋይ አጥር፣ ጎማዎቹን ከአስፋልት የሚያነሳው የባላፍ ድልድይና የሰልቢ ቀጥ ያለ ሜዳ ይመጣሉ። ከባሕሩ ዳር ከራምዚ ከተማ በኋላ ዳገቱ ይጀምራል፤ የስኔፌል ተራራን ተጠግቶ ከባሕር ወለል በላይ ከ400 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከዚያ እንደገና እስከ ዳግላስ ይወርዳል። ይህ መውጣትና መውረድ ለሞተሩ ከባድ ፈተና ነው። ለቁልቁለቱና ለሜዳው ፍጥነት ተብሎ የካቴናው ጥርስ ከተመረጠ ሞተሩ ዳገቱ ላይ ይደክማል፤ ለዳገቱ ከተመረጠ ደግሞ ሜዳው ላይ ከልኩ በላይ ይሽከረከራል። በካርቡራተር የሚሠሩት አሮጌ ሞተሮች ደግሞ ከታች ያለውን አየርና የተራራውን ቀዝቃዛ አየር በአንድ ማስተካከያ መቻል አለባቸው። ስለዚህ ምርጫው ሁልጊዜ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው ነው።

ተወዳዳሪዎች የሚነሱት በአንድነት ሳይሆን በየ10 ሰከንዱ ስለሆነ ፉክክሩ ከሰዓት ጋር ነው። ከፊት ያለውን ያለፈ ሰው ቀዳሚ ላይሆን ይችላል፤ ስንተኛ መሆኑን የሚያውቀው ጓደኞቹ መንገድ ዳር ከሚያሳዩት ሰሌዳ ነው። ፈጣኖቹ በሰዓት ከ190 ኪሎ ሜትር በላይ አማካይ ፍጥነት ዙሩን ከ19 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳሉ። አዲስ ገቢ መጀመሪያ ልምድ ካለው ሰው ኋላ ሆኖ በተወሰነ ፍጥነት ይዞራል። በ1978 ለአዳዲሶች የተለየ ውድድር ተጀመረ። መንገዱን በቃል ማጥናት ግን ዓመታት ይፈጃል፤ ለልምምድ የሚዘጋው በቀን ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነውና።

ያንኑ የልምምድ ጊዜም ጉም ይወስደዋል። የደሴቲቱ ሰዎች ማናናን የተባለው የጥንት የባሕር አምላክ ደሴቲቱን በካባው ይሸፍናል ይላሉ። ለአዘጋጆቹ ግን ነገሩ ተረት አይደለም፤ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር መብረር ካልቻለ ሞተር አይነሳም። ዓመቱን ሙሉ ለጎማ፣ ለመለዋወጫና ለመርከብ ሲቆጥብ የከረመ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሰማይ ሲያይ ሊሰነብት ይችላል። አየሩ ቢሰጠው እንኳ አንዲት የላላች ቡሎን በመጀመሪያው ዙር ታስቀረዋለች። የገንዘብ ሽልማቱ ወጪውን አይመልስም፤ ከአሸናፊው ሰዓት በተወሰነ መቶኛ ውስጥ የገባ ሁሉ ግን የዋንጫውን ትንሽ አምሳያ ያገኛል፤ ብዙዎች ከደረጃ ይልቅ የሚመኙት እሱን ነው።

አማተርነት አደጋውን አይቀንሰውም፤ የድንጋዩ አጥር ለፋብሪካው ተወዳዳሪም ለአናጢውም ያው ነው። በቲቲና በማንክስ በአንድነት በዚህ መንገድ ላይ ከ250 በላይ ተወዳዳሪዎች ሞተዋል። በየኩርባው ባንዲራ ይዘው የሚቆሙት ጠባቂዎችም ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ቁጥራቸው ካልሞላ ውድድሩ አይጀመርም።

አንዳንዶችን ግን መንገዱ ወደ ላቀ ደረጃ አድርሷቸዋል። በ1949 ትልቁን ውድድር ያሸነፈው ጄፍ ዱክ በኋላ ስድስት፣ የ1960ው አሸናፊ ፊል ሪድ ደግሞ ሰባት የዓለም ሻምፒዮና አግኝተዋል። በ2009 ካሮሊን ሴልስ በዚህ ተራራ መንገድ ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከ1983 ጀምሮ የአሮጌ ሞተሮች ውድድርም ተጨምሯል።

ውድድሩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ በ2001 በከብት በሽታ፣ በ2020 እና በ2021 በኮሮና ተቋርጧል። በ2022 ሲመለስ መርሐ ግብሩ አጥሮ ወደ 9 ቀን ገደማ ወርዷል። ይህም ለተወዳዳሪው የሚያስፈልገውን የሥራ ፈቃድ ቢቀንስለትም፣ ጉም ሲወርድ የሚተካ ቀን አሳጥቶታል።