ከአያቴ የወረስናት ዳምጠው

አያቴ ድሬዳዋ ላይ ሲያርፉ ለእኔ የደረሰኝ አንድ የካርቶን ሳጥን ነበር። አክስቴ በሻንጣዋ ይዛው ሲያትል መጣች። በጋዜጣ የተጠቀለለውን ዕቃ ስንፈታ፣ ከስንዝር ትንሽ የምትበልጥ፣ በእንፋሎት የምትሠራ ዳምጠው ወጣች።

የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ወዲያው፣ «አባዬ፣ ዛሬ ማታ እናስነሣት?» አለችኝ። እኔም ክብሪት ፍለጋ ተነሣሁ። እንኳንም አላገኘሁ!

ሁለት የቆዩ ቃላት

ዳምጠው መንገድ የሚደለድል ከባድ ማሽን ነው። ስሙ የመጣው «ዳመጠ» ከሚለው ግሥ ነው። እናቶቻችን ጥጥ ሲዳምጡ በብረት ዘንግ እየተጫኑ ፍሬውን ከጥጡ ይለያሉ። ዳምጠውም ድንጋዩንና አፈሩን እንዲሁ ይጫናል።

በአፄ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የተባለ አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራ እንዲህ ያለ ማሽን ወደ አዲስ አበባ አስመጣ። ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ሐዲድ ሳይኖረው ለምን ባቡር ተባለ? «ባቡር» በመነሻው እንፋሎት ማለት ስለሆነ ነው። ጣሊያኖች «ቫፖሬ» የሚሉት ቃል በዐረብኛ በኩል ዞሮ ወደ እኛ ደረሰ። በገጠር የሞተር ወፍጮንም ባቡር የሚሉ አሉ።

አያቴ ለዚህ ቃል ቅርብ ነበሩ። የምድር ባቡር መካኒክ ሆነው ኖረዋል። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1917 ነበር።

ማን ሠራት?

አሮጌ ሞዴል ሲደርሳችሁ ቶሎ አትወልውሉት። የፋብሪካው ምልክት ብዙ ጊዜ በቀላሉ የሚላጥ ወረቀት ወይም ቀለም ነው። መጀመሪያ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሡት፤ ከሥሩም ተመልከቱ። በብዛት የሚገኙት የእንግሊዙ ማሞድ፣ የጀርመኑ ቪሌስኮና የአሜሪካው ጄንሰን ናቸው። ከጄንሰን ሞዴሎች ብዙዎቹ ውሃውን የሚያፈሉት በኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ የተሰነጣጠቀ ገመድ ያለውን ሶኬት ላይ አትሰኩ።

የእኛዋ ማሞድ ሆና ተገኘች። ማሞድ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ በስፒሪት የሚነድ ምድጃ ይሠራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ ደረቅ ነዳጅ ተሸጋገረ። የእኛዋ የስፒሪት ምድጃ ስላላት ዕድሜዋን በዚሁ ገመትን።

ያልተነቃነቀው ቫልቭ

ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ በቦይለሩ ላይ ግፊቱ ሲበዛ ራሱ የሚከፈት የማስተንፈሻ ቫልቭ አለ። የእኛን ቫልቭ ዘንጉን ይዤ ሳብ ባደርገው አልነቃነቅ አለ። ለብዙ ዓመታት የተጠራቀመ የውሃ ጨው አጣብቆታል።

ያን ማታ ክብሪት አግኝቼ ቢሆን ኖሮ፣ ልጄ ፊቷን አስጠግታ የምታየው መተንፈሻ የሌለውን ቦይለር ነበር። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ፕሮግራም ሲበላሽ እንደገና አስነሣዋለሁ። የፈነዳ ቦይለር ግን እንደገና አይነሣም።

አዲስ ቫልቭ አዘዝኩ። ቦይለሩንም ልምድ ያለው ሰው በቀዝቃዛ ውሃ ግፊት ፈተነልኝ። ውሃ እንደ እንፋሎት ስለማይታመቅ፣ ቦይለሩ ቢሰነጠቅ እንኳ ውሃው ይንጠባጠባል እንጂ አይፈነዳም። እስከዚያው ልጄን ሌክ ዩኒየን ወስጄ በ1922 የተሠራችውን የእንፋሎት መርከብ፣ ቨርጂኒያ ፋይቭን አሳየኋት። ትልቋን ስታይ ትንሿን መታገሥ ቀለላት።

ከማስነሣታችሁ በፊት

1. የማስተንፈሻ ቫልቩ በነፃነት መንቀሳቀሱን በየጊዜው አረጋግጡ።
2. ቦይለሩ ካበጠ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ከተጠገነ እሳት አታስነኩት።
3. የተጣራ ውሃ እስከ ልኩ ሙሉ። ውሃው አልቆ እሳቱ ከነደደ ብየዳው ይቀልጣል፤ ስለዚህ ነዳጁ ከውሃው ቀድሞ ማለቅ አለበት።
4. ለሚሽከረከሩት ክፍሎች የማሽን ዘይት፣ ለሲሊንደሩ ለእንፋሎት የተዘጋጀ ወፍራም ዘይት ተጠቀሙ። የወጥ ዘይት አይሆንም።
5. ደጅ፣ በብረት ትሪ ላይ አስነሡት። የስፒሪት ነበልባል በፀሐይ አይታይም፤ ጠፍቷል ብላችሁ ስፒሪት አትጨምሩ።
6. ልጆች ራቅ ብለው ይዩ። ከቆመ በኋላም ለረጅም ጊዜ ያቃጥላል።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጓሮ ወጣን። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ውሃው ተንጫጫ፤ አዲሱ ቫልቭ «ፍሽሽ» አለ። ጎማውን በጣቴ ገፋ ሳደርገው ዳምጠዋ በትሪው ላይ መንቀሳቀስ ጀመረች። ልጄ በስልክ ለአክስቴ እያሳየች፣ «አክስቴ፣ የአያታችን ባቡር ተነፈሰ!» አለቻት። አክስቴ መልስ አልሰጠችም፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ለቤተሰብ ውይይት፦ በቤታችሁ ከአያት ወይም ከቅድመ አያት የተወረሰ ዕቃ አለ? ስሙን በአማርኛ ጠይቁ፤ ቃሉ ከየት እንደመጣም አብራችሁ ፈልጉ።